ርክክብ ያልተደረገበት ንብረት
የአንድሮይድ ስልክ፣ አብረውት የሚመጡት መተግበሪያዎች፣ የመነሻ ገጹና ፈቃዶቹ

(ለሒሳብና ለኦዲት ባለሙያዎች ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)




መግቢያ

በሒሳብ ሙያ ውስጥ ላደገ ሰው ርክክብ የሚለው ቃል ተራ ቃል አይደለም። አንድ ንብረት ያዥ ወደ አዲስ መጋዘን ሲመደብ ቁልፉን ከመቀበሉ አስቀድሞ ቆጠራ ይደረጋል፤ የተገኘው በዝርዝር ይመዘገባል፤ የጎደለው ጎደለ፣ የተረፈውም ተረፈ ተብሎ ይጻፋል፤ አስረካቢና ተረካቢ ምስክር ባለበት ይፈርማሉ። ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ ካልሆነና በሞዴል 22 ወጪ ካልተደረገ በቀር መዝገቡ አይታመንም። ካዝናው ሁለት ቁልፍ ያለው እንደ ሆነ ሁለቱ ቁልፎች በአንድ ሰው እጅ አይውሉም። ይህ ሥርዓት የተገኘው ሰውን ሁሉ በሌብነት ከመጠርጠር ሳይሆን ያልተቆጠረ ንብረት ተጠያቂ የለውም ከሚለው የረጅም ዘመን ልምድ ነው።

ዳሩ ግን ይህንኑ ሥርዓት ጠንቅቆ የሚያውቀው ባለሙያ ያለ ቆጠራና ያለ ርክክብ የሚረከበው አንድ ንብረት አለ። እርሱም የእጅ ስልኩ ነው። ካርቶኑን ይከፍታል፤ ሲም ካርዱን ያስገባል፤ በተከታታይ የሚቀርቡለትን ጥያቄዎች ሳያነብ «እስማማለሁ» እያለ ያልፋል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የደንበኞች ደብዳቤ፣ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ፎቶግራፍ፣ ከባንክ የሚላከው የማረጋገጫ ቁጥር፣ ገና ያልጸደቀ የኦዲት ሪፖርት ረቂቅ በዚያ ስልክ ውስጥ ማለፍ ይጀምራሉ። በስልኩ ውስጥ ግን ባለቤቱ ያላስገባቸው፣ ስማቸውን የማያውቃቸው፣ ቁልፍም የያዙ ሠራተኞች አስቀድመው ተቀምጠዋል።

የዚህ ንግግር ዓላማ ባለሙያው ስልኩን እንደ ማንኛውም በኃላፊነት የተያዘ ንብረት ቆጥሮ እንዲረከብ ማሳሰብና የርክክቡን አሠራር ማመልከት ነው። ስለ ዓመቶች አንድ ነገር አስቀድሞ መጠቀስ አለበት፤ የአዋጅ ቁጥር ካልሆነ በቀር በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ስልኩ ባዶ ቤት አለመሆኑ

አንድሮይድ በ2003 በካሊፎርኒያ በተቋቋመ አነስተኛ ኩባንያ ተጀመረ፤ በ2005 ጉግል ኩባንያውን ገዛው፤ በእርሱ የሚሠራው የመጀመሪያው ስልክ በ2008 ለገበያ ቀረበ። መሠረቱ ሊኑክስ የተባለው ሥርዓት ሲሆን ዋናው ጽሑፈ ፕሮግራሙ ለሁሉም ክፍት በመሆኑ፣ ማንኛውም ስልክ ሠሪ ወስዶ በራሱ መንገድ ሊያበጀው ይችላል። አንድሮይድ በብዙ አገሮች በርካሽ ስልኮች ላይ ሊስፋፋ የቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ክፍትነቱ ሌላም ውጤት አለው። አንድ ስልክ ከገዢው እጅ እስኪደርስ ድረስ በብዙ እጆች ያልፋል፤ ጉግል የራሱን መተግበሪያዎች ያስገባል፤ ስልኩን የሠራው ኩባንያ የራሱን ይጨምራል፤ በአንዳንድ አገር የቴሌኮም ድርጅቱም የበኩሉን ያክላል፤ ከእነዚህ ጋር የንግድ ውል ያላቸው ሌሎች ኩባንያዎችም ይገባሉ። ከእነዚህ መካከል ስልክ መደወያው፣ የአጭር መልእክት መቀበያው፣ ሰዓቱና የመሳሰሉት አስፈላጊዎች ናቸው። ሌሎቹ ግን የገቡት ገዢው ስለ ፈለጋቸው ሳይሆን አስገቢው ስለ ከፈለባቸው ወይም ስለ ተጠቀመባቸው ነው።

እነዚህ መተግበሪያዎች እንደ ሌሎቹ በቀላሉ የማይራገፉበት ምክንያት አሠራራዊ ነው። የስልኩ ማኅደር በክፍል የተከፈለ ሲሆን፣ ሥርዓቱ የተቀመጠበት ክፍል የሚነበብ እንጂ የሚጻፍበት አይደለም። ባለቤቱ ራሱ የሚያስገባቸው መተግበሪያዎች በሌላ ክፍል ይቀመጣሉ። አብረው የመጡት ከሞላ ጎደል በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ያሉ ስለሆነ፣ ከግድግዳው ጋር አብሮ እንደ ተገነባ ቁም ሣጥን ናቸው፤ ይዘጉ ይሆናል እንጂ ተነቅለው አይወጡም። ከ2011 ወዲህ በመጡት የአንድሮይድ ሥሪቶች ባለቤቱ ብዙዎቹን «ማሰናከል» ይችላል። የተሰናከለ መተግበሪያ አይሠራም፣ በገጹ ላይም አይታይም። የተጨመሩለት ማሻሻያዎች የያዙት ቦታ ይለቀቃል፤ በሥርዓቱ ክፍል የያዘው ግን እንደ ተያዘ ይቀራል።

የነገሩን ስፋት ለማሳየት በ2019 ይፋ የሆነ አንድ ጥናት መጥቀስ ይበቃል። በስፔንና በአሜሪካ የሚገኙ ተመራማሪዎች ከ200 በላይ የሆኑ ሠሪዎች ካቀረቧቸው ከ1,700 በላይ ስልኮች የተሰበሰቡ ከ82,000 የሚበልጡ አብረው የመጡ መተግበሪያዎችን መረመሩ። ከምርመራው የተገኘው ዋና ቁም ነገር በስልክ ሠሪዎች፣ በማስታወቂያ ድርጅቶችና በመረጃ ሰብሳቢዎች መካከል ገዢው የማያየው የውል መረብ መኖሩ፣ ከመተግበሪያዎቹም ብዙዎቹ ሳይጠይቁ የግል መረጃ ሊያገኙ በሚችሉበት ሁኔታ የተቀመጡ መሆናቸው ነው።

የንግዱንም ወገን ስንመለከት፣ የአውሮፓ ኮሚሽን በሐምሌ 2018 ጉግልን 4.34 ቢሊዮን ዩሮ ቀጥቶታል። ከቀረቡት ክሶች አንዱ የመተግበሪያ መደብሩን የሚፈልግ ስልክ ሠሪ የጉግልን መፈለጊያና ክሮምን ጨምሮ እንዲያስገባ መገደዱ ነበር። የአውሮፓ ጠቅላላ ፍርድ ቤት በ2022 ውሳኔውን በአብዛኛው አጽንቶ ቅጣቱን ወደ 4.125 ቢሊዮን ዩሮ ዝቅ አድርጎታል። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል ገበያ ሕግ፣ ለሥርዓቱ መሥራት የግድ ካልሆኑት በቀር አብረው የመጡ መተግበሪያዎችን ተጠቃሚው በቀላሉ እንዲያራግፍ ታላላቆቹን ኩባንያዎች ያስገድዳል። አብሮ መምጣት ይህን ያህል ገንዘብና ሙግት የሚያስነሣ ጉዳይ መሆኑ ራሱ ብዙ ይናገራል።

ጉዳዩ ከኢትዮጵያም የራቀ አይደለም። በነሐሴ 2020 አፕስትሪም የተባለ የሞባይል ደኅንነት ኩባንያ ባወጣው መግለጫ፣ ቴክኖ ደብልዩ 2 በተባለው ርካሽ ስልክ ላይ አብረው የመጡ ትሪያዳና ኤክስሄልፐር የተባሉ ጎጂ ፕሮግራሞች መገኘታቸውን አስታወቀ። ፕሮግራሞቹ ባለቤቱ ሳያውቅ ሒሳብ የሚያስከፍሉ አገልግሎቶችን ለመመዝገብ ይሞክሩ ነበር። ኩባንያው ከ200,000 በላይ ከሆኑ ስልኮች የተነሡ 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ ሙከራዎችን መመዝገቡን ገልጾ፣ ስልኮቹ በብዛት ከታዩባቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያን፣ ግብጽን፣ ካሜሩንን፣ ጋናንና ደቡብ አፍሪካን ጠቅሷል። የቴክኖ ባለቤት የሆነው ትራንሽን በበኩሉ ጥፋቱ በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ባለ ሌላ አቅራቢ የተፈጸመ መሆኑን ተናግሯል። ጉግልም በ2019 ስለ ትሪያዳ ሲገልጽ፣ ይህ ፕሮግራም በአንዳንድ ስልኮች ላይ የገባው በምርት ሂደት ሦስተኛ ወገን በሆነ አቅራቢ በኩል እንደ ነበር አረጋግጧል። እንግዲህ ገዢው በልኩ የከፈለበት ስልክ፣ ሠሪው እንኳ በቅጡ ያልቆጠረው ዕቃ ይዞ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው።

2. የመነሻ ገጹ፤ የደጃፉ ጠባቂ

ስልኩ ሲከፈት በመጀመሪያ የሚታየው፣ የመተግበሪያዎቹ ምልክቶች የተደረደሩበት ገጽ በተለምዶ ላውንቸር ይባላል። ብዙ ሰው ይህን ገጽ ስልኩ ራሱ አድርጎ ይቆጥረዋል። በእርግጥ ግን እርሱም እንደ ሌሎቹ አንድ መተግበሪያ ነው፤ ሥራውም እንግዳ ተቀብሎ ወደሚፈለገው ክፍል እንደሚመራ የደጃፍ ጠባቂ ነው። ሳምሰንግ፣ ቴክኖና ሻዎሚ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ጠባቂ ያቆማሉ። አንድሮይድ ከመጀመሪያው አንሥቶ ይህ ጠባቂ በሌላ እንዲተካ የፈቀደ በመሆኑ፣ ባለቤቱ የሚሻለውን አስገብቶ በ«ቅንብሮች» ውስጥ ነባሪ መነሻ አድርጎ ሊሾመው ይችላል።

ለውጡ ጥቅም አለው። ዓይናቸው ለደከመ አረጋውያን በትልልቅ ፊደል የሚያሳይ፣ ማስታወቂያና «ይህን ሞክሩ» የሚል ግብዣ የማያበዛ፣ ለሥራ የሚያስፈልጉትን ጥቂት ምልክቶች ብቻ የሚያወጣ ገጽ ይገኛል። ነገር ግን የደጃፍ ጠባቂ ማን እንደ ገባና መቼ እንደ ገባ ማወቁ የማይቀር ነው። ላውንቸርም በስልኩ ውስጥ ምን መተግበሪያዎች እንዳሉና ከገጹ ላይ የትኛው መቼ እንደ ተከፈተ የማየት ዕድል አለው። ይባስ ብሎ ያልተነበቡ መልእክቶችን ቁጥር በምልክቱ ላይ ለማሳየት ማሳወቂያዎችን የማንበብ ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነ፣ የመጣውን መልእክት ቃሉን ጭምር ለማየት ይችላል። የባንክ ማረጋገጫ ቁጥርም በማሳወቂያ መልክ የሚመጣ መሆኑን ልብ ይሏል።

ጠባቂው ባለቤቱ ሳይጠራ ጌታ ሊለውጥ ይችላል። ኖቫ ላውንቸር በአንድሮይድ ተጠቃሚዎች ዘንድ ለብዙ ዓመታት የተወደደ መነሻ ገጽ ነበር። በ2022 ግን ብራንች የተባለ፣ በሞባይል ሊንክና በትንታኔ ሥራ የሚታወቅ ኩባንያ ገዛው። መሸጡ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ነገር ግን ትናንት የታመነው ጠባቂ ዛሬ የማን ቅጥረኛ እንደ ሆነ መጠየቅ የባለቤቱ ፈንታ መሆኑን ያስታውሳል። ከዚህ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ከስልኩ ጋር የመጣውን መነሻ ገጽ አዲሱ በቦታው ሳይቆምና ሳይፈተን ማሰናከል አይገባም፤ አለዚያ ስልኩ መግቢያ ያጣል።

3. ፈቃዶቹ፤ የግምጃ ቤቱ ቁልፎች

አንድሮይድ እያንዳንዱን መተግበሪያ በየራሱ ክፍል ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ለእያንዳንዱ የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ አንዱ የሌላውን ክፍል ከፍቶ እንዳያይ ይከለክለዋል። ከክፍሉ ወጥቶ ወደ ካሜራ፣ ወደ ማይክሮፎን፣ ወደ ስልክ ማውጫ ወይም ወደ አጭር መልእክት ለመሄድ ቁልፍ ያስፈልገዋል። ፈቃድ የሚባለው ይህ ቁልፍ ነው።

እስከ 2015 ድረስ ቁልፎቹ የሚሰጡት በጅምላ ነበር። መተግበሪያው ሲገባ የሚፈልጋቸውን ሁሉ ዘርዝሮ ያቀርባል፤ ባለቤቱም ሁሉንም ይቀበላል ወይም መተግበሪያውን ይተዋል። በ2012 በበርክሊ የሚገኙ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባደረጉት ጥናት፣ መተግበሪያ በሚያስገቡበት ጊዜ ዝርዝሩን ልብ ያሉት ከተሳታፊዎቹ 17 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለ ፈቃዶቹ ትርጉም ለቀረቡት ሦስት ጥያቄዎች ሁሉ ትክክለኛ መልስ የሰጡት ደግሞ 3 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። ሳይነበብ የተፈረመ ሰነድ ምን እንደሚያስከትል ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም።

ያንን ዘመን የሚያስታውስ አንድ ጉዳይ አለ። በታኅሣሥ 2013 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በአንድ የእጅ ባትሪ መተግበሪያ ባለቤት ላይ ያቀረበው ክስ በስምምነት ተዘጋ። መተግበሪያው በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ጊዜ የወረደ ሲሆን፣ ሥራው ስልኩን እንደ ባትሪ ማብራት ብቻ ነበር። ሆኖም የተጠቃሚውን ትክክለኛ ቦታና የስልኩን መለያ ቁጥር ለማስታወቂያ ድርጅቶች ያስተላልፍ እንደ ነበር፣ ተጠቃሚው በውሉ ከመስማማቱም በፊት መላክ ይጀምር እንደ ነበር ኮሚሽኑ ገልጿል። መብራት የሚያበራ ዘበኛ የባለቤቱን የመውጫና የመግቢያ ሰዓት ለውጭ ሰው ይመዘግብ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሥርዓቱ ደረጃ በደረጃ ተሻሽሏል። በ2015 በወጣው አንድሮይድ 6 መተግበሪያው ቁልፉን በሚፈልግበት ሰዓት አንድ በአንድ እንዲጠይቅ፣ ባለቤቱም የሰጠውን መልሶ እንዲነጥቅ ተደረገ። አንድሮይድ 10 በ2019 ቦታን ማወቅ መተግበሪያው በሥራ ላይ ባለበት ጊዜ ብቻ እንዲፈቀድ አስቻለ። አንድሮይድ 11 በ2020 «ለዚህ ጊዜ ብቻ» የሚለውን ምርጫ ጨምሮ ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ መተግበሪያ ቁልፎቹን እንዲያጣ አደረገ። አንድሮይድ 12 በ2021 ካሜራ ወይም ማይክሮፎን ሲሠራ በገጹ ማዕዘን አረንጓዴ ምልክት እንዲታይ፣ ባለፉት 24 ሰዓታት ማን ምን እንደ ተጠቀመ የሚያሳይ መዝገብም እንዲኖር አደረገ። በ2023 የወጣው አንድሮይድ 14 ደግሞ የፎቶግራፍ ማኅደሩን በሙሉ ከመክፈት ይልቅ የተመረጡትን ፎቶግራፎች ብቻ ለመስጠት አስቻለ።

ይህም ሆኖ ሦስት ክፍተቶች አሉ። አንደኛ፣ ከስልኩ ጋር የመጡ መተግበሪያዎች አንዳንድ ፈቃዶችን ባለቤቱ ሳይጠየቅ አስቀድመው የተሰጧቸው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ከእነዚህም መካከል በሥርዓቱ ብቻ የሚሰጡ፣ ለባለቤቱ በጥያቄ የማይቀርቡ ልዩ ፈቃዶች አሉ። ሁለተኛ፣ ኢንተርኔት የመጠቀም ፈቃድ ከቶ አይጠየቅም፤ መተግበሪያው ሲገባ በዝምታ ይሰጣል። በመሆኑም ሌላ ቁልፍ የተሰጠው መተግበሪያ ያየውን ወደ ውጭ ለመላክ የሚያግደው እምብዛም የለም። ሦስተኛ፣ «ተደራሽነት» የተባለው አገልግሎት ማየት ለተሳናቸው ገጹን እንዲያነብላቸው የተሠራ ታላቅ ዕርዳታ ሲሆን፣ በገጹ ላይ ያለውን ሁሉ የማንበብና በባለቤቱ ፈንታ የመጫን ኃይል ስላለው በክፉ እጅ ከገባ የግምጃ ቤቱ ሁሉ ቁልፍ ይሆናል። የባንክ ሒሳብ የሚዘርፉ ፕሮግራሞች ይህንኑ ቁልፍ አጥብቀው የሚሹት ስለዚህ ነው። አንድሮይድ 13 በ2022 ከመደብር ውጭ በፋይል የገቡ መተግበሪያዎች ይህን ቁልፍ በቀላሉ እንዳያገኙ መሰናክል ያበጀውም ለዚሁ ነው።

4. የርክክቡ አሠራር

ከዚህ ቀጥሎ የተዘረዘረው አሠራር አንድ ምሽት የማይሞላ ጊዜ ይወስዳል። የማውጫዎቹ ስም እንደ ስልኩ ሥሪት በመጠኑ ሊለያይ ይችላል።

ሀ. ቆጠራ። «ቅንብሮች» ውስጥ ገብቶ «መተግበሪያዎች» የሚለውን መክፈት፣ የሥርዓቱም መተግበሪያዎች እንዲታዩ ማድረግ፣ ከዚያም በወረቀት ላይ ስሙን፣ ያስገባውን ወገንና ጥቅሙን በሦስት ዐምድ መመዝገብ።

ለ. መለየት። የሚያስፈልጉት፣ የማያስፈልጉት፣ የማይታወቁት ተብለው በሦስት ይከፈላሉ። ያልታወቀውን መንካት አይገባም። ጉግል ፕሌይ ሰርቪስ ወይም ዌብቪው የተባሉት ለምሳሌ ያህል በገጹ ላይ የማይታዩ ቢሆኑም ሌሎች ብዙ መተግበሪያዎች የሚደገፉባቸው ምሰሶዎች ናቸው፤ እነርሱን ማሰናከል ከባንክ መተግበሪያ ጀምሮ ብዙ ሥራ ያስተጓጉላል።

ሐ. ማሰናከል። የማያስፈልገውን አንድ በአንድ ማሰናከል፣ ጥቂት ቀን መጠበቅ፣ እክል ከታየ መልሶ ማንቃት። በኮምፒዩተር ገመድ አማካይነት ትእዛዝ እየጻፉ ማራገፍም ይቻላል፤ ነገር ግን ይህ መተግበሪያውን ከተጠቃሚው ዘንድ የሚያስወግድ እንጂ ከሥርዓቱ ክፍል የሚነቅል ስላልሆነ፣ ስልኩ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ሲመለስ አብሮ ይመለሳል። ሥራው ለሚያውቀው ሰው ቢተው ይመረጣል።

መ. ቁልፍ መሰብሰብ። «የፈቃድ አስተዳዳሪ» በሚለው ማውጫ በኩል ቦታን፣ ማይክሮፎንን፣ ካሜራን፣ የስልክ ማውጫን፣ አጭር መልእክትንና ፎቶግራፍን እየተራ መክፈትና የያዙትን ማየት ያስፈልጋል። መለኪያው አንድ ነው፤ ይህ ቁልፍ ከሌለ መተግበሪያው የተቀጠረበትን ሥራ መሥራት ያቅተዋልን? የሒሳብ ማሽን የስልክ ማውጫ፣ የፎቶግራፍ ማሳመሪያም አጭር መልእክት አያስፈልገውም። የአጭር መልእክት ቁልፍ በተለይ የማረጋገጫ ቁጥር ማለት ስለሆነ፣ መልእክት መቀበያው ካልሆነ በቀር ለሌላው በጥብቅ ምክንያት ብቻ ይሰጥ።

ሠ. ልዩ መዳረሻዎችን መመርመር። ተደራሽነት፣ ማሳወቂያ ማንበብ፣ በሌሎች ላይ መታየት፣ ያልታወቁ መተግበሪያዎችን ማስገባት የሚሉት በተለየ ማውጫ ውስጥ ተሰውረው ይገኛሉ። በቴሌግራም የተላከ መተግበሪያ ለማስገባት አንድ ቀን የተከፈተ በር ለዘወትር ተከፍቶ እንዳይቀር መዘጋት አለበት።

ረ. ቆጠራውን መድገም። ማሻሻያ በመጣ ቁጥር አዲስ መተግበሪያ ሊገባ፣ ያለውም ባለቤት ሊለውጥ ይችላል። ስለዚህ በየሩብ ዓመቱ ሒሳብ ሲዘጋ የስልኩም ቆጠራ አብሮ ቢደረግ መልካም ነው። የደኅንነት ማሻሻያው የመጨረሻ ቀንም በዚያው ይታይ፤ ማሻሻያ የተቋረጠበት ስልክ ለደንበኛ ሰነድ የሚበቃ ማኅደር አይደለም።

5. «የምደብቀው የለኝም» ስለሚለው አስተያየት

ይህን ሁሉ ሰምቶ «እኔ ምን የምደብቀው አለ?» የሚል አይጠፋም። አስተያየቱ ለግል ሕይወቱ ያደላ ሰው መብቱ ሊሆን ይችላል። የሒሳብ ባለሙያ ግን በስልኩ ውስጥ ያለው ምሥጢር የራሱ አይደለም። የሠራተኛው ደመወዝ የሠራተኛው ነው፤ የነጋዴው ዕዳ የነጋዴው ነው፤ ገና ያልወጣው ሪፖርት የድርጅቱ ነው። ዓለም አቀፉ የሒሳብ ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ደንብ ካስቀመጣቸው አምስት መሠረታዊ መርሖዎች አንዱ ምሥጢር ጠባቂነት ነው። በኢትዮጵያም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሌላውን ሰው የግል መረጃ የሚይዝ ወገን ግዴታ እንዳለበት ደንግጓል። ሳያውቁት የተሰጠ ቁልፍ ምክንያት እንጂ ማስተባበያ አይሆንም፤ ገንዘብ ያዥ «ካዝናው ክፍት እንደ ነበረ አላወቅሁም» ቢል ከጉድለቱ ነጻ እንደማይሆን ሁሉ።

በአንጻሩ የስልክ ሠሪውን ሁሉ በጠላትነት ማየትም ከእውነት ያርቃል። አብረው ከመጡት መተግበሪያዎች ብዙዎቹ በቅንነት ያገለግላሉ፤ በንግድ ውል የገቡትም ቢሆኑ የስልኩን ዋጋ ዝቅ በማድረግ ለብዙ ሰው ስልክ እንዲዳረስ አስተዋጽኦ አድርገዋል። ኦዲተር ወደ አንድ መሥሪያ ቤት የሚገባው ሁሉ ሌባ ነው ብሎ አይደለም፤ ሰነዱ ለራሱ እንዲናገር ለማድረግ ነው። ስልኩም የሚፈልገው ይህንኑ ሚዛን ነው።

መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተመለከተው የአንድሮይድ ስልክ ሠራተኞች፣ የደጃፍ ጠባቂና ቁልፎች ያሉት ሙሉ ቤት ሆኖ ከባለቤቱ እጅ ይደርሳል። ሠሪዎቹ ባለቤቱ ሊያዝባቸው የሚችልባቸውን መሣሪያዎች ከዓመት ወደ ዓመት ጨምረዋል፤ መሣሪያዎቹ ግን በማውጫው ውስጥ ተቀምጠው የሚያነሣቸውን ይጠብቃሉ። የሚጎድለው ቆጠራው ነው፤ ቆጠራ ደግሞ የዚህ ማኅበር አባላት ከማንም ይልቅ የሚያውቁት ሥራ ነው። በመጪው የሩብ ዓመት መዝጊያ እያንዳንዱ አባል ከመዝገቡ ጎን አንድ ወረቀት አስቀምጦ የስልኩን ዝርዝር ቢጽፍ፣ የማያውቀውን ስም ቢያሰምርበት፣ የማይገባውን ቁልፍ ቢነጥቅ፣ ስልኩን ከገዛበት ቀን ጀምሮ ሲንከባለል የቆየውን ርክክብ ፈጸመ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ደንበኛው ሰነዱን በአደራ ሲሰጠው፣ አደራው የሚያርፍበትን ቤት ዐውቆ ይቀበላል።